ጥሪውና ሰውየው፦ የበዓሉ ግርማን ልቦለዶች ከቴፒ ሆኖ ማንበብ

የልቦለድ ርእስ ብዙ ጊዜ ከሐያሲ ዓይን ያመልጣል። አንባቢ መጽሐፉን ገዝቶ ከገለጠው በኋላ ርእሱን ወደ ጎን ይተወዋል፤ ሐያሲውም ወደ ትልሙና ወደ ገጸ ባሕርያቱ ይቸኩላል። በዓሉ ግርማ ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. ያሳተማቸውን የስድስት ልቦለዶች ርእሶች በተርታ ደርድሮ ለተመለከተ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። «ከአድማስ ባሻገር» (1962)፣ «የኅሊና ደወል» (1966) እና «የቀይ ኮከብ ጥሪ» (1972) ሦስቱም ሰውን ወደ አንድ ስፍራ የሚስብ ነገር ይጠቅሳሉ። አንደኛው ከሩቅ የሚታይ አድማስ ነው፤ ሁለተኛው የተኛውን የሚቀሰቅስ ደወል፤ ሦስተኛውማ በግልጽ ጥሪ ነው። «ደራሲው» (1972) እና «ሐዲስ» (1975) ግን ሰው ብቻ ናቸው፤ አንዱ በሙያው፣ ሌላው በስሙ ተጠርቶ። የቀረው «ኦሮማይ» (1975) ከጣሊያንኛ ወርሶ አስመራ የተናገረው ቃል ሲሆን፣ ነገሩ አከተመ፣ አበቃለት እንደ ማለት ነው።

ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን አጋጣሚ አይመስለኝም። በዓሉ «ለምን ይጻፋል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከዘመን ወደ ዘመን ሲለወጥ፣ የአጻጻፍ ስልቱም አብሮ ተለውጧል ብዬ አምናለሁ። የርእሶቹ አካሄድ የዚህ ለውጥ አሻራ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ሐተታ ይህንኑ ለማሳየት የሚሞክር ነው።

ጥያቄውን ከቴፒ ሆኜ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህች የሸካ ዞን ከተማ ልቦለድ የጀመሩ ወጣቶች አሉ፤ መምህራን ናቸው፣ የእርሻ ባለሙያዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹም የቡና ንግድ ቤት ጸሐፊዎች ናቸው። ደብተራቸውን ሲያሳዩ ሦስት ወይም አራት ምዕራፍ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ተጽፎ ይገኝና ከዚያ ወዲያ ባዶ ገጽ ይከተላል። ስለምን ተቋረጠ ሲባሉ የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፤ የሚያነሣሣቸው ነገር ጠፍቷል። መጀመሪያስ ምን አነሣሥቷችሁ ነበር ተብለው ሲጠየቁ ደግሞ አንዱ የኪነ ጥበብ ውድድር መታወጁን ይናገራል፤ ሌላው አንድ በዓል ይከበር እንደ ነበር ያስታውሳል፤ ሦስተኛው ስለ አካባቢው ልማት ጻፍ ተብሎ እንደ ነበር ይገልጻል። እንግዲህ የጠፋው መነሣሣት ቀድሞም የራሳቸው አልነበረም ማለት ነው። ከውጭ መጥቶ ነበር፤ ወደ ውጭ ተመለሰ። በዓሉ ግርማ ይህን ጉዳይ በሕይወቱና በሥራው የተፈተነበት ደራሲ በመሆኑ፣ ለእነዚህ ወጣቶች ከብዙ የድርሰት መመሪያ ይልቅ እርሱ ይጠቅማቸዋል።

ደግሞም ሩቅ ሰው አይደለም። ከቴፒ ተነሥቶ በጌጫና በማሻ አድርጎ ጫካውን ሰንጥቆ ወደ ጎሬና ወደ መቱ የሚወጣ መንገደኛ፣ በመጨረሻ ወደ ሱጴ አገር ይደርሳል። በዓሉ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሕንዳዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው በዚያ፣ በኢሉባቦር ነው። ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማረ፤ በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው በጋዜጣና በመጽሔት ቤት ያለፈ ነው፤ «መነን»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን፣ «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በአዘጋጅነት መርቷል፤ ከአብዮቱ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ሆኖ ሠርቷል። ልቦለዶቹን ሁሉ የጻፈው የመንግሥት ደመወዝ እየበላ፣ የመንግሥትን ቃል እያዘጋጀ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ«ከአድማስ ባሻገር» የምናገኘው አበራ ወርቁ የተማረ፣ ደመወዝና ማዕረግ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ልቡ ግን ከሥዕል ዘንድ ነው። ቢሮውን ትቶ ቡሩሹን ለማንሣት ያስባል፤ ያስባል እንጂ አይቆርጥም። ቤተ ዘመድ ሥራህን ያዝ ይለዋል፤ የገዛ ልቡ ደግሞ ከአድማሱ ማዶ ያለውን ያሳየዋል። በዓሉ ገና በመጀመሪያ ልቦለዱ የመረጠው ባለታሪክ የፈጠራ መነሣሣት ያለው፣ ነገር ግን መነሣሣቱን ወደ ሥራ መለወጥ የተሳነው ሰው መሆኑ ብዙ ይናገራል። አበራ የሚሠቃየው ተሰጥኦ ስላነሰው አይደለም። ሥዕሉ ሁልጊዜ ነገ ስለሆነ ነው። አድማስ ሲቀርቡት ይሸሻል።

በዚያው በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ታተመ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማስቀመጥ የበዓሉን የስልት ምርጫ በደንብ ያሳያል። ዳኛቸው ወደ ተወለደበት ወደ ደብረ ሲና ተራራ ወጥቶ፣ የባላገሩን አነጋገር ከነለዛው፣ የተማሪውንም የመጽሐፍ አማርኛ ከነድርቀቱ አምጥቶ አጋጨ። ዓረፍተ ነገሩ ጠመዝማዛ ነው፤ አንባቢ ቆሞ እንዲያስብ ያስገድዳል። ብዙ አንባቢ ከበደኝ ብሎ ተወው፤ ደራሲውም በዚህ ተወቀሰ። በዓሉ በሌላ መንገድ ሄደ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ትርኢቱ ቶሎ ይከፈታል፣ ቶሎ ይዘጋል። ምልልሱ ትረካውን ይቀድማል። ይህ የጋዜጣ ቤት ትምህርት ነው፤ በማግሥቱ ለሚያረጅ ወረቀት የሚጽፍ ሰው የአንባቢውን ጊዜ ማባከን አይችልም። አንዳንድ ሐያስያን ይህን ቅለት እንደ ድክመት ቆጥረውበታል። በእኔ አስተያየት ቅለቱ ድክመት የሚሆነው ደራሲው የሚናገረው ነገር የራሱ ሳይሆን ሲቀር ብቻ ነው። ያን ጊዜ አጭሩ ዓረፍተ ነገር መፈክር ይሆናል።

ስለ ጆሮም አንድ ነገር ላክል። ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ መጽሐፍ ቤት በሌለበት አገር ያለ ሰው ልቦለድን በጆሮው መብላት ለምዷል። በቡና ለቀማ ወራት ማታ ማታ ሬዲዮ ከብቦ የተቀመጠ ሰው የዳኛቸውን ዓረፍተ ነገር እስከ ማሰሪያ አንቀጹ ድረስ ሊከተለው ይቸገራል፤ የበዓሉ ግን ወዲያው ይገባዋል። የስልት ምርጫ የደራሲው ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ የሚነበብበትን ቤትም የሚመርጥ ነው።

ወደ ጥሪው እንመለስ። ከ1966 ዓ.ም. «የኅሊና ደወል» በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ የበዓሉ ልቦለድ አልወጣም። እነዚያ ስድስት ዓመታት የአብዮቱ ዓመታት ናቸው። የቡና ገበሬ ይህን ዐይነቱን ዝምታ ያውቀዋል፤ አብዝቶ ያፈራ የቡና ዛፍ በተከታዩ ዓመት ያርፋልና። ዝምታው ሲሰበር ግን በ1972 ዓ.ም. የወጡት መጻሕፍት ሁለት ናቸው፤ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» እና «ደራሲው»። በአንድ ዓመት፣ ከአንድ እጅ የወጡ፣ ነገር ግን ወንድማማች የማይመስሉ ሁለት መጻሕፍት ናቸው።

«የቀይ ኮከብ ጥሪ» ለጥሪው የተሰጠ መልስ ነው። ዘመኑ ደራሲን ከሕዝብ ጎን ቁም፣ አብዮቱን ጻፍ ይለው ነበር፤ በዓሉም ጻፈ። እዚህ ላይ የሚታየው ጉድለት የፖለቲካ ሳይሆን የጥበብ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሲናገሩ ለእርስ በርሳቸው ሳይሆን ለአንባቢ የሚናገሩ ይመስላሉ፤ የሚጣሉበት ነገር ገና ሳይጀመር ማን እንደሚረታ ይታወቃል። ያ የሚያምረው አጭር ዓረፍተ ነገር በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ደረቅ ሆኗል። ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። ሩሲያዊው ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 «የሞቱ ነፍሳት»ን ካሳተመ በኋላ፣ በሁለተኛው ክፍል ለአገሩ የቀና መንገድ ማሳየት አለብኝ ብሎ ተነሣ። ዐሥር ዓመት ታገለው፤ እ.ኤ.አ. በ1852 ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው የእጅ ጽሑፉን በእሳት አቃጠለው። በሽታውና የሃይማኖት ጭንቀቱ የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ በመጀመሪያው ክፍል የሣቀው ደራሲ በሁለተኛው ክፍል መስበክ እንደ ተሳነው ከእሳቱ የተረፈው ቁራጭ ይመሰክራል።

በዓሉ አላቃጠለም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ጥሪውን በአንድ እጁ እየጻፈ፣ በሌላው እጁ መጻፍ የከበደውን ሰው ጻፈ።

«ደራሲው» በሲራክ ዙሪያ የሚሽከረከር ታሪክ ነው። ስሙ ራሱ የጥበብን መጽሐፍ የሚያስታውስ ነው፤ የሰውየው ኑሮ ግን የጥበበኛ ወግ የለውም። የቤት ጣጣ አለበት፤ ገንዘብ ያጥረዋል፤ ከመጠጥ ቤት ጨዋታ ወደ ባዶ ወረቀት፣ ከባዶ ወረቀት ወደ መጠጥ ቤት ይመላለሳል። አንባቢ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሲራክ ውስጥ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ፈልጓል፤ አግኝቻለሁም ብሏል። ይህ ግምት መጽሐፉን ዝነኛ ቢያደርገውም በደንብ እንዳይነበብ አድርጎታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰው የልቦለዱን ገጽ ሲገልጥ ስለ አንድ የሚታወቅ ሰው ሐሜት እንደሚሰማ ሆነ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ታላቁን ጥሪ በልቦለድ የመለሰ ባለ ሥልጣን ደራሲ፣ በዚያው ዓመት ማንም ያልጠራውን ደራሲ ባለታሪክ ያደረገው ስለምንድን ነው?

መልሱን ከመጽሐፉ አሠራር እናገኘዋለን። በ«ደራሲው» ውስጥ ምልልሱ እንደገና ሕይወት አለው፤ ሰዎቹ ይቋረጣሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይዋሻሉ፣ ያልተጠየቁትን ይመልሳሉ። ተራኪው ፍርድ ለመስጠት አይቸኩልም። ሲራክ አንዳች መንፈስ ወርዶ ብዕር የሚያስጨብጠው ሰው አይደለም፤ የሚጽፈውን ከሚኖረው ኑሮ ውስጥ እየቆፈረ የሚያወጣ፣ አንዳንድ ቀንም ቆፍሮ የሚያጣ ሰው ነው። መነሣሣት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሥራው ቀድሞ አይመጣም። ሲመጣ ከሥራው ኋላ ኋላ፣ ሳይታሰብ ይመጣል። በቴፒ ደብተራቸው የተቋረጠባቸው ወጣቶች ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ይህን ልቦለድ ቢያነቡ እመርጥላቸዋለሁ። መጽሐፉ ያበረታታቸዋል ብዬ አይደለም፤ ሲራክን ያየ ሰው ደራሲ መሆንን እምብዛም አይመኝም። ነገር ግን ያለ ጥሪ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ የመጣው «ሐዲስ» ለእኛ ለምዕራቡና ለደቡብ ምዕራቡ ሰዎች የተለየ ትርጉም ያለው መጽሐፍ ነው። ብዙ ሰው እንደሚያውቀው «ሐዲስ» ፈጽሞ አዲስ ድርሰት ሳይሆን «የኅሊና ደወል» ተሻሽሎና ተስፋፍቶ የተጻፈ ነው። ሐዲስ ሳህሌ የተባለው ወጣት መምህር ወደ ኢሉባቦር ሄዶ ከሕዝቡ ጋር ለትምህርት የሚያደርገው ትግል በሁለቱም ውስጥ አለ። አንድ ደራሲ የታተመ መጽሐፉን ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ እንደገና ሲጽፍ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሐሳብ አለቀበት ይላል። በጊዜው እንዲህ ያሰበ ሳይኖር አልቀረም።

የእኛ አገር ገበሬ ግን ጉንደላን ያውቃል። ያረጀ የቡና ዛፍ ምርቱ ሲቀንስ አይነቀልም። ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆረጣል። የተቆረጠውን ማሳ ያየ እንግዳ ጥፋት የተፈጸመ ይመስለዋል። ቆይቶ ከጉቶው ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ ገበሬው ከዚያ ውስጥ ጠንካራዎቹን ሁለቱን ወይም ሦስቱን መርጦ ሌላውን ይገነጥላል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ዛፉ እንደገና ያፈራል። ሥሩ የቀድሞው ነው። በዓሉ በ«የኅሊና ደወል» ላይ ያደረገው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ቆራጭነቱ ያለው ቡቃያውን በመምረጡ ላይ ነው። በ1966 ዓ.ም. ሊጻፍ የሚችለውና በ1975 ዓ.ም. ሊጻፍ የሚችለው አንድ አልነበረምና፣ የማኅበራዊ ትግሉ ገጽታ ሰፋ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ርእሱ ላይ የተደረገው ነው። ደወሉ ተቆረጠ፤ ሰውየው ቀረ። «ሐዲስ» ማለት አዲስ ማለትም ስለሆነ፣ በስሙ ውስጥ የዘመኑ መፈክር ጥቂት ድምፅ ይሰማል የሚል ቢኖር አልከራከረውም። ቢሆንም ይህ ድምፅ አሁን የሰው ስም ሆኗል፤ ስም ያለው ሰው ደግሞ ይደክማል፣ ይሳሳታል፣ ያፈቅራል።

«ሐዲስ» እንከን የለበትም አልልም። መምህሩ ከሚገባው በላይ ቀና ነው፤ ክፉዎቹም ከሚገባቸው በላይ ክፉ ናቸው። የመልክዐ ምድሩ አገላለጽም እንደ ምልልሱ አይሆንለትም። በዝናብ ማግሥት የቡና አበባ በአንድ ሌሊት ሲፈነዳ ጫካው ሁሉ ነጭ ሆኖ የሚሸትተውን ሽታ፣ ከጥላ ዛፎቹ በታች በእኩለ ቀን ያለውን ጨለማ፣ የጭቃውን መንገድ ክብደት እዚህ የኖረ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ሲፈልገው እንደ ልቡ አያገኘውም። በዓሉ ሰውን የሚያየው ሲናገር ነው። ሲሠራ፣ ዝም ብሎ ሲለቅም፣ ቡና በአልጋ ላይ ሲያሰጣ የማየት ትዕግሥት የለውም። ይህ የጋዜጠኛነቱ ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ ለቴፒ ጸሐፊ የተተወለት ሰፊ ቦታ አለ። በዚህ አገር ሸካቾው፣ ሸኮው፣ መዠንግሩ፣ ከፊቾው፣ ቤንቹ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። በደርግ ዘመን የተስፋፋው የመንግሥት ቡና እርሻ ከየአቅጣጫው ሠራተኛ ሰብስቧል፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ የተነሡ ሰፋሪዎች በከፋና በኢሉባቦር ሰፍረዋል። ኮረሪማውን፣ ቁንዶ በርበሬውንና እርዱን የሚሸጠው ሰው የሚናገረው አማርኛ የደብረ ሲናም የአዲስ አበባም አይደለም፤ በሌላ ቋንቋ ታስቦ በአማርኛ የወጣ፣ የራሱ ለዛና የራሱ ስብራት ያለው ነው። ይህን አማርኛ በልቦለድ ውስጥ ለማኖር የሚሞክር ጸሐፊ ከዳኛቸው ድፍረትን፣ ከበዓሉ ፍጥነትን መዋስ ይኖርበታል። ሁለቱን ማስታረቅ ቀላል አይደለም። እስካሁን ያየኋቸው የእጅ ጽሑፎች ባለታሪኮቻቸውን ሁሉ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ያናግራሉ፤ መንገደኛውም፣ ነጋዴውም፣ አያቲቱም አንድ ዐይነት ቃል ይናገራሉ። ምናልባት ደብተሮቹ በሦስተኛው ምዕራፍ የሚቆሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጸሐፊው በራሱ ገጽ ላይ የሚያውቀውን ሰው ድምፅ ካልሰማ ከማን ጋር ይቀጥላል?

የቀረን «ኦሮማይ» ነው። በ1972 ዓ.ም. የወጣው ልቦለድ ርእሱ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» ነበር። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተጀመረው ዘመቻ የተሰጠው ስም ደግሞ «ቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ» ነው። በዓሉ በማስታወቂያ ሥራው ወደ አስመራ ሄደ፤ ይህን ጊዜ ጥሪው ልቦለድ ውስጥ ያለ ሳይሆን በእውን የደረሰው ነበር። ከዚያ ይዞት የተመለሰው የጋዜጠኛው የፀጋዬ ኃይለማርያምና የፊያሜታ ጊላይ ታሪክ ነው። የዘመቻውን ዜና እንዲያሰራጭ የተላከው ፀጋዬ የሚያየው ነገር ከሚያስተላልፈው ነገር ጋር አልገጥም ይለዋል። ከላይ አንባቢ እንዲይዝልኝ የጠየቅሁት ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል፤ የመንግሥትን ቃል የሚያዘጋጀው እጅና ልቦለድ የሚጽፈው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ። አጭሩ ዓረፍተ ነገር በ«ኦሮማይ» ውስጥ መፈክር መሆኑ ቀርቷል፤ መፈክርን የሚሰማ ሰው ትንፋሽ ሆኗል። ከስድስቱ መጻሕፍት ስልቱና ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ የተገጣጠሙለት በዚህ ነው።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ርእሱ አልተተረጎመም፤ ያው የአስመራው ቃል እንዳለ ተጽፎ ነው የወጣው።